በእኛ አገር እናት ዳግም አግብታ አታውቅም?

ባለፉት ወራት ከስብሰባችን በኋላ ቡና ላይ ሲወራ የከረመው ስለ ብድርና ቁጠባ ሳይሆን ስለ አንድ የፓኪስታን ድራማ ነው። ድራማው በኡርዱ ቋንቋ የተሠራ ነው። አንዷ አባላችን ልጇ በስልክ ስታየው አብራት ማየት ጀመረች፤ ከዚያ ሌሎቻችንም ተከተልን። ታሪኩ ቀላል ነው። ባሏ የሞተባት እናት ልጆቿን አሳድጋ ጨርሳለች፤ አንድ ጨዋ ሰው ለትዳር ይጠይቃታል፤ እሷም ታስብበታለች። እስካሁን ያደረገችው ነገር ይኸው ማሰቧ ብቻ ነው። ቤቱ ግን በማሰቧ ብቻ ይታመሳል። ልጆቿ ያፍራሉ፣ የሟች ወንድሞች ይሰበሰባሉ፣ ጎረቤት ይንሾካሾካል።

ክርክሩ የተነሣው ከመካከላችን አንዷ «ይሄ የእነሱ ጣጣ ነው፤ በእኛ አገር እናት ልጆቿን ይዛ ትቀመጣለች እንጂ ባል አታስብም፤ ባህላችን አይደለም» ስትል ነው። ብዙዎች ተስማሙ። እኔ ሙያዬ የሂሳብ ሥራ ነው፤ አንድ ነገር በመዝገብ ላይ ከሌለ አለ ብዬ አልፈርምም። «ባህላችን አይደለም» የሚለውም ከመዝገቡ ጋር መመሳከር አለበት ብዬ አሰብኩ። ለጋዜጣችን የጻፍኩት ይኸንኑ ነው።

ከሃይማኖቱ ልጀምርና ቶሎ ልለፍ፤ እዚያ ላይ ብዙ የሚያከራክር ነገር የለምና። ሐዋርያው ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ በጻፈው በመጀመሪያው መልእክት ምዕራፍ 5 ላይ በመበለቶች መዝገብ የምትጻፈው ከስድሳ ዓመት ያላነሰች እንድትሆን ካዘዘ በኋላ ወጣት መበለቶች እንዲያገቡ ይመክራል። በቤተ ክርስቲያናችን ተክሊል ለደናግል የሚፈጸም ሥርዓት ሲሆን አግብተው ለነበሩት፣ ለመዓስባን፣ የተለየ ጸሎት አለ። የማይፈቀድ ነገር ቢሆን ጸሎት ባልተዘጋጀለት ነበር። በእስልምና ደግሞ ባሏ የሞተባት ሴት አራት ወር ከአሥር ቀን ዒዳዋን ከጠበቀች በኋላ ማግባት ትችላለች። የነቢዩ የመጀመሪያ ሚስት ኸዲጃም ከእሳቸው በፊት አግብተው የወለዱ፣ በንግድ የታወቁ ሴት ነበሩ። ስለዚህ የሚከለክል ነገር ካለ ከሃይማኖት የመጣ አይደለም።

አሁን ወደ ታሪኩ። በእንጦጦ ግርጌ ቁስቋም የሚባል ሰፈር አለን። ከፈረንሳይና ከሽሮ ሜዳ አካባቢ የሚመጡ አባሎቻችን በደንብ ያውቁታል። ቁስቋም እመቤታችን ልጇን ይዛ በስደት የተቀመጠችበት የግብፅ ቦታ ስም ነው፤ ኅዳር 6 ቀን የሚከበረውም ይኸው ነው። በአገራችን ግን ቁስቋም ሲባል ከሁሉ በፊት የሚታሰበው ጎንደር ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው የእቴጌ ምንትዋብ ደብርና ግቢ ነው። ምንትዋብ ደግሞ ለክርክራችን መልስ የሚሰጡ ሴት ናቸው፤ ባላቸው የሞተባቸው፣ ልጅ ይዘው የቀሩና ዳግም ወንድ ወደ ቤታቸው ያስገቡ እናት።

የተወለዱት በቋራ ነው፤ የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ፣ የንግሥ ስማቸው ብርሃን ሞገሳ ነው። ባላቸው ዐፄ በካፋ በ1723 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ሲያርፉ ልጃቸው ኢያሱ የሰባት ዓመት ገደማ ልጅ ነበር። ልጁ ነገሠ፤ እናቲቱም በዚያው ዓመት ዘውድ ደፍተው ከልጃቸው ጋር አገር መምራት ጀመሩ። ይህ እንዲሁ በቀላሉ የተገኘ አይደለም። ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ አመፀኞች ሌላ ንጉሥ አቁመው ግቢውን ከበቡ፤ በመጨረሻ ግን ከበባው ተሰብሮ ዳኑ። ከዚያ በኋላ ዋና ዋናውን ሹመት ለወንድሞቻቸውና ለዘመዶቻቸው ሰጡ። በዚህ የሚነቅፏቸው አሉ። እኔ ግን ባል የሞተባት ሴት ትንሽ ልጅ ይዛ ማንን ታምናለች ብዬ ስጠይቅ መልሱ ያው ነው፤ ወንድሟን።

ከዚህ በኋላ ነው ነገሩ የመጣው። እቴጌይቱ ገና ወጣት ነበሩ። የዐፄ በካፋ የእህት ልጅ ከሆነ ኢያሱ ከሚባል፣ በዕድሜ ከሳቸው ከሚያንስ መኮንን ጋር መኖር ጀመሩ። ሦስት ሴቶች ልጆች ወለዱለት፤ ወለተ እስራኤል፣ አስቴርና አልጣሽ። ልጃቸው ንጉሡም ኢያሱ፣ ወዳጃቸውም ኢያሱ ነውና ሕዝቡ ሁለተኛውን ለመለየት «ምልምል ኢያሱ» አለው። ተመርጦ የተያዘ እንደ ማለት ነው፤ ቃሉ ንቀት አለበት። ነገሥታቱ በየዘመኑ ዕቁባት ሲይዙ ለአንዲቱ እንኳ እንዲህ ያለ የሙያ ስም አልወጣላትም። ይህን በቅንፍ ያለ ነገር አድርጋችሁ ያዙልኝ።

ለምን ይህን ያህል አስቆጣ? እቴጌይቱ ሰው ስለወደዱ ብቻ አይመስለኝም። ምልምል ኢያሱ የነጋሢ ዘር ነበረበት፤ የታላቁ ኢያሱ የልጅ ልጅ ነው። ወንድ ልጅ ቢወለድ ያ ሕፃን በአባቱም በኩል የንጉሥ ዘር፣ በእናቱም በኩል የእቴጌ ልጅ ይሆን ነበር። ለወጣቱ ንጉሥ ደግሞ የእንጀራ አባት በቤተ መንግሥት መኖሩ፣ ዕድሜው ደርሶ ዘውዱን ብቻውን ሊይዝ በሚፈልግበት ሰዓት፣ እናቱን ከሱ ጋር ለመካፈል ከሚመጣ ሰው በላይ ነበር። እናትም ዘውድም አንድ ላይ ሊያጣ ነው።

ምልምል ኢያሱ በመጨረሻ በጣና ሐይቅ አካባቢ ገደል ገብቶ ሞተ። ያስገደለው ልጃቸው ንጉሡ ነው ተብሎ በሰፊው ተጠርጥሯል። እናትና ልጅ ከዚያ በኋላም አብረው መኖር ነበረባቸው። ልጇ የሴት ልጆቿን አባት አስገድሎ እንደሆነ እያሰበች በአንድ አዳራሽ የምትቀመጥ እናት ምን እንደምታስብ የጻፈ ሰው አላየሁም። የተሠራው ግን ይታያል፤ የቁስቋም ደብር፣ በጣና ደቅ ደሴት ላይ ያለው ናርጋ ሥላሴ። በናርጋ ሥላሴ ሥዕል ላይ እቴጌይቱ ከእመቤታችንና ከልጇ እግር ሥር ተደፍተው ይታያሉ። ዘውድ የደፉ ሴት ናቸውና ሌላ ቦታ መሳል ይችሉ ነበር።

ታሪኩ በእሳቸው አያልቅም። ዳግማዊ ኢያሱ በ1747 ዓ.ም. ሲሞቱ ሌላ መበለት እናት መጣች፤ ሚስታቸው ውቢት። ልጃቸው ኢዮአስ ሕፃን ነበር። አማትና ምራት፣ ሁለቱም ባላቸው የሞተባቸው፣ በአንድ ሕፃን ሞግዚትነት ተፎካከሩ፤ የምንትዋብ የቋራ ወገንና የውቢት የኦሮሞ ወገን ተጋጩ። ለማስታረቅ ወይም ለማገዝ የተጠሩት የትግሬው ራስ ሚካኤል ስሑል ጎንደር ገብተው በ1761 ዓ.ም. ኢዮአስን አስገደሉ። ዘመነ መሳፍንት የሚባለው ከዚያ ይቆጠራል። አማትና ምራት በአንድ ልጅ ሲጣሉ እንዴት እንደሚያልቅ ከእኛ ሰፈርም አይጠፋም፤ ልዩነቱ የጎንደሩ ዘውድ ስላለበት ብቻ ነው።

ከምልምል ኢያሱ የተወለዱት ሴት ልጆች ግን አድገው ነበር። ከሁሉ ወይዘሮ አስቴር የታወቀች ናት። የበጌምድሩ ገዢ ባሏ ማርያም ባርያው በዚሁ ጦርነት ተገደለ። እሷም ልጅ የያዘች መበለት ሆነች። ብዙም ሳትቆይ ሽማግሌውን ራስ ሚካኤልን አገባች። በ1762 ዓ.ም. ጎንደር የደረሰው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በጻፈው መጽሐፍ ስለ እሷ በብዛት ይናገራል። በፈንጣጣ የታመመውን ልጇን በቁስቋም ግቢ ያከመው እሱ ነው። እንደ እሱ ትረካ አስቴር ራስ ሚካኤልን ያገባችው የባሏን ደም የሚመልስላት እሱ ብቻ መሆኑን ስላየች ነው። እዚህ ላይ ፍቅርም የለም፣ ኀፍረትም የለም። ደግሞ ማንም «ምልምል ሚካኤል» አላለም፤ ሰውየው ጦር ነበረውና።

እንግዲህ ከጎንደር ወደራሳችን ተራራ እንመለስ። በእንጦጦ ማርያም ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ ደፉ፤ ከሁለት ቀን በኋላ ጥቅምት 27 እቴጌ ጣይቱ። ዛሬ በ2013 ዓ.ም. የተከፈተውን ፓርክ ሊያዩ የሚወጡ ሰዎች በአጠገቡ የሚያልፉት ያ ቦታ ነው። የእኛ እናቶች ደግሞ ማገዶና ቅጠል ተሸክመው ስንት ዓመት ወርደውበታል። እቴጌ ጣይቱ በ1875 ዓ.ም. በፋሲካ ዕለት በአንኮበር መድኃኔ ዓለም ምኒልክን ሲያገቡ የመጀመሪያ ትዳራቸው አልነበረም፤ ከዚያ በፊት ከአንድም በላይ ትዳር ነበራቸው። ምኒልክም እንዲሁ። ይህ ሆኖ በዘመኑ «ባህላችን አይደለም» ብሎ ጣይቱን ከዘውድ ያስቀረ አልተገኘም። አዲስ አበባን አዲስ አበባ ብለው የሰየሙት ሴት ዳግም ያገቡ ሴት ናቸው። እቴጌ መነንም ልጅ ተፈሪን ከማግባታቸው በፊት አግብተው የወለዱ ነበሩ።

የምኒልክ ልጅ ንግሥት ዘውዲቱ ነገር ከዚህ ይለያል። ገና ሕፃን ሳሉ ለዐፄ ዮሐንስ ልጅ ለራስ አርአያ ሥላሴ ተዳሩ፤ በ1880 ዓ.ም. ባላቸው ሲሞት የአሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ልጅ ነበሩ። የአሥራ ሁለት ዓመት መበለት። ከዚያ በኋላ ሌሎች ትዳሮች አለፉ፤ የመጨረሻው የእቴጌ ጣይቱ የወንድም ልጅ የሆኑት ራስ ጉግሣ ወሌ ናቸው። ከእሳቸው ጋር ብዙ ዓመት ኖረዋል። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. መኳንንቱ ንግሥት ሲያደርጓቸው ግን ከባላቸው እንዲለዩ ተደረገ። ራስ ጉግሣ ወደ በጌምድር ሄዱ፤ ንግሥቲቱ አዲስ አበባ ቀሩ። ባላቸው በሕይወት እያለ የመበለት ኑሮ ኖሩ ማለት ነው። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. ራስ ጉግሣ በአንቺም ጦርነት ተገደሉ፤ ከሁለት ቀን በኋላ ንግሥቲቱ አረፉ።

ምንትዋብ ባል ሞቶባቸው ሌላ ወንድ ሲያስገቡ ተቆጡባቸው፤ ዘውዲቱ ያላቸውን ባል እንዲተዉ ተደረጉ። ነገሩ የተገላቢጦሽ ይመስላል እንጂ ፍርሃቱ አንድ ነው። ዘውዱ የሴቲቱ ሲሆን በእሷ በኩል የሚገባው ወንድ ይፈራል። ዘውዱ የባል ሲሆን ግን ሴቲቱ ስንት ጊዜ ብታገባ ማንም አይቆጥርም፤ ጣይቱን ማንም አልቆጠረባቸውም።

ጣይቱ ራሳቸው መበለት ሲሆኑ ግን ሌላ ነው። ገና ምኒልክ በሕመም ላይ እያሉ በ1902 ዓ.ም. መኳንንቱ ከሥልጣን አራቋቸው። ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ከቤተ መንግሥት ወጥተው ወደ እንጦጦ ማርያም ሄዱ። ዘውድ በደፉበት ደብር አጠገብ አራት ዓመት ያህል ተቀምጠው የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. አረፉ። የእንጀራ ልጃቸው ዘውዲቱ ዘውድ የደፉት ልክ ከዓመት በፊት በየካቲት 4 ነበር። እንጦጦ ማርያም የምትሳለሙ ካላችሁ ቀኑን ያዙት።

ስለዚህ ቡና ላይ ለተነሣው ክርክር የእኔ መልስ፣ በመዝገቡ ያለው ባህል እናት እንዳታገባ የሚል አይደለም የሚል ነው። በመዝገቡ ያለው ንብረት ነው። ይህ በነገሥታት ብቻ አይደለም። በአማራ አገር ሴት ልጅ ከአባትና ከእናቷ ርስት ትወርስ ነበር፤ በጎንደር ዘመን የመሬት ሰነዶች ላይ ሴቶች ባለርስት፣ ሻጭና ገዢ ሆነው ይገኛሉ። የራሷ ርስት ያላት ሴት ባሏ ቢሞት ወይም ቢፈታት የምትገባበት ነበራትና ዳግም ማግባቷ ብዙም አያስደንቅም። ሴት መሬት በማትወርስባቸው አንዳንድ የአገራችን ክፍሎች ደግሞ ባሏ ሲሞት የሟች ወንድም «ይወርሳታል»። የሚወረሰው ማን ነው ብላችሁ ስትጠይቁ ሴቲቱ፣ ልጆቹ፣ ከብቱና መሬቱ ባንድ ላይ ናቸው፤ ከዘር እንዳይወጡ።

ድራማው ወደ መጣበት አካባቢም ብንሄድ ያው ነው። በእንግሊዞች ዘመን በሕንድ በ1856 እ.ኤ.አ. የሂንዱ መበለቶች እንዲያገቡ የሚፈቅድ ሕግ ወጣ። ትልቅ ለውጥ ተብሎ ተወራለት። በውስጡ ግን አንድ አንቀጽ አለ፤ መበለቲቱ ስታገባ ከሟች ባሏ ያገኘችውን ንብረት ታጣለች። ማግባት ትችላለሽ፣ ቤቱን ግን ጥለሽ ሂጂ ነው ነገሩ።

በዚህ ምክንያት ነው አባሎቻችን ጋብቻውን ትተው ሂሳቡን እንዲያዩ የምወተውተው። የእኛ ሕግ ከዚያ የሕንድ ሕግ የተሻለ ነው፤ ግን ካላወቁት አይጠቅምም። በ1992 ዓ.ም. በወጣው በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ባሏ የሞተባት ሴት 180 ቀን ጠብቃ ማግባት ትችላለች፤ በመሀሉ ከወለደች ወይም እርጉዝ አለመሆኗ በሐኪም ከተረጋገጠ ያንንም መጠበቅ የለባትም። ይህ ቀን የተቀመጠው የልጅ አባት እንዳይምታታ እንጂ ለሐዘን አይደለም። ስታገባ ከሟች ባሏ ጋር ያፈራችውን ድርሻ አታጣም። በሌላ በኩል ብዙዎቻችን የማናውቀው ነገር አለ፤ በአገራችን ሕግ ሚስት የባሏ ወራሽ አይደለችም፣ ባል ካልተናዘዘላት በስተቀር። የጋራ ንብረት ከሆነ ግማሹ የራሷ ነው፤ የሟች ግማሽ ለልጆቹ ይሄዳል።

በቁጥር ላሳይ። ኮተቤ የምትኖር አንዲት አባላችን ባሏ ከሞተ አምስት ዓመት ሆኗታል፤ ስሟን አልጠቅስም። በትዳር ዘመናቸው የሠሩት ቤት አለ፤ ከጀርባው ያሉት ሰርቪስ ክፍሎች ይከራያሉ። ሁለት ልጆች አሏት፣ ሁለቱም አድገዋል። አንድ ሰው ለትዳር ጠይቋታል። ኪራዩ በወር 6,000 ብር ነው እንበል። ግማሹ ቤት የእሷ ስለሆነ 3,000 ብሩ የእሷ ነው፤ ከቀረው ለእያንዳንዱ ልጅ 1,500 ብር ይደርሳል። እስካሁን ግን ሁሉንም ተቀብላ ለአስቤዛ፣ ለትምህርት ቤትና ለመብራት ስታውል ኖራለች፤ ማንም አልጠየቃት፣ መጠየቅም አልነበረበትም።

ስታገባ ግን ሂሳቡ ይለወጣል። ከጋብቻ በፊት የነበራት ንብረት የግል ንብረቷ ሆኖ ይቀጥላል። ከግል ንብረቷ የሚገኘው ገቢ ግን በሕጉ የአዲሱ ትዳር የጋራ ሀብት ይሆናል። ማለትም ግማሽ ቤቱ የእሷ ነው፤ 3,000 ብሩ ግን የሁለቱ ነው። የልጆቹ 3,000 ብር ወደዚያ መግባት የለበትም። ውርሱ ሳይጣራና ድርሻው ሳይለይ ከተገባ ግን 6,000 ብሩ ባንድ ኪስ ይገባል፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ የማን ምን ያህል እንደሆነ የሚያውቅ አይኖርም። በጋብቻው ቀን ወይም ከዚያ በፊት በሚደረግ የጋብቻ ውል ኪራዩ የግሏ ሆኖ እንዲቀጥል መስማማት ይቻላል፤ ከሠርጉ በኋላ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም።

ልጆቿ የተቆጡት ሰውየውን ጠልተው ነው ብላ ታምን ነበር። አብረን ቁጭ ብለን የቤቱን ካርታ፣ የኪራይ ደረሰኞቹንና የባንክ ደብተሩን ስናይ ታናሺቱ ልጅ ዝም ብላ ካዳመጠች በኋላ «እኛ የፈራነው ቤቱ የሱ ይሆናል ብለን ነው» አለች። እናትዋ መልስ አልሰጠቻትም፤ ሻይ ልታፈላ ተነሣች።

አሁን ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ወጥቷል፤ ድርሻውን የሚለየው ስምምነትም ተዘጋጅቷል። እናትና ልጅ ፈርመዋል። ወንዱ ልጅ ግን አልፈረመም። ቁጥሩ ልክ መሆኑን አይክድም፤ ቸኩሎ መፈረም አልፈልግም ነው የሚለው። ሰውየው እየጠበቀ ነው፤ እሷም ልጁን እየጠበቀች ናት።